የጉም ባሕርን በፀሐይ መውጫ ከተራራ አፋፍ ላይ ለመመልከት

ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ጣርማበር በሚወስደው መንገድ ላይ በማለዳ የተጓዘ ሰው ጉምን በሚገባ ያውቀዋል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን ያወጣል፣ ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና መብራት መጀመሪያ እንደ ሁለት ብጫ ነጠብጣብ ታይቶ ድንገት አጠገብ ይደርሳል። ለአብዛኛው መንገደኛ ጉም ማለት ይኸው የሚያስፈራና የሚያዘገይ ነገር ነው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰንሰለታማ ተራራ ላይ ጥቂት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ያደረ ሰው ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር እያየ ሊሆን ይችላል። ከእግሩ ሥር እስከ አድማስ የተንጣለለ ነጭ ባሕር፣ በመካከሉ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ያሉ ኮረብታዎች፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ቀስ እያለ የሚቀላ ሰማይ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የዚህን የሁለተኛውን ሰው ቦታ መያዝ ለሚፈልግ አንባቢ ነው።

ምሳሌዬን በአብዛኛው የምወስደው ከአንኮበር በጣርማበር በኩል እስከ መንዝ ጓሳ ከሚዘልቀው የሰሜን ሸዋ ገደላማ አፋፍ ነው። ይህን አፋፍ የመረጥኩት ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ነው። ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከአፋፉ ላይ የቆመ ሰው ጉሙንና የምትወጣውን ፀሐይ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ እይታ ያገኛቸዋል። በሰሜን ተራሮች ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ጉሙ ቀን ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጓሳ የሄድኩት በጥቅምት ወር ሲሆን የደረስኩትም ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ገደሉ በጉም ተሞልቶ፣ ጉሙም አፋፉን እየላሰ በሣሩ ላይ ይጎተት ነበር። ከ20 እርምጃ በላይ የሚታይ ነገር ስላልነበረ «ነገም ይኸው ነው» ብዬ ተስፋ ቆረጥኩና ለመመለስ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ሣሩን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት በርኖሳቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ይሄ የቀን ጉም ነው። ማታ ይወርዳል፤ እደርና ጠዋት እየው» አሉኝ። አደርኩ። ጠዋት ጉሙ እሳቸው እንዳሉት ወርዶ፣ ከእኛ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ረግቶና ተስተካክሎ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

አዛውንቱ የነገሩኝ ነገር በአየር ጠባይ ትምህርት ውስጥ በሚገባ የታወቀ ነው። ቀን ፀሐይ የገደሉን ፊት ስታሞቀው ከገደሉ ጋር የተነካካው አየር ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ከቆላው የያዘውን እርጥበት ይዞም ሽቅብ ይወጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ ይህ እርጥብ አየር አፋፉ አካባቢ ሲደርስ እርጥበቱን ተሸክሞ መቀጠል ያቅተውና ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ አፋፉን የሚሸፍነው ጉም ይህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩ ጥርት ካለ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ በመሬቱ ላይ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይከብዳል፣ የከበደውም አየር እንደ ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ ሸለቆውን ይሞላል። በሸለቆው የተጠራቀመው ቀዝቃዛ አየር እርጥበት ካለው ጉም ይሆናል፤ ከላዩ ያለው ሞቅ ያለ አየር ደግሞ አክንባሎ ምጣድን እንደሚከድን ይከድነዋል። ጉሙ ያንን ክዳን ጥሶ መውጣት ስለማይችል ከሥሩ ተንጣልሎ ይተኛል። ከላይ ሲታይ ባሕር የሚመስለው፣ ገጹም በመስመር የተለካ ያህል የተስተካከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ቁም ነገር አንድ ነው። ጉሙ ዝቅ ብሎና ረግቶ የሚገኘው በሌሊቱ መጨረሻ ላይ፣ ማለትም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ባለው ጊዜና ከወጣች በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በማለዳ መነሣት የሚያስፈልገው ለፀሐይዋ ውበት ብቻ ሳይሆን ለጉሙም ጭምር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሽቅብ መውጣት የጀመረ፣ የተበጣጠሰ ጉም ነው። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነሥቶ በጠዋት ለመድረስ የሚደረገውን ሙከራም አልመክርም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ደብረ ሲና ደግሞ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ በጨለማና በጉም ውስጥ ተነድቶ በሰዓቱ መድረስ አደገኛም አጠራጣሪም ነው። እዚያው፣ ከጉሙ በላይ ማደር የግድ ነው።

የትኛው ወር

ለጉም ባሕር ሁለት ነገሮች በአንድነት ሊገኙ ይገባል፤ እርጥብ መሬትና ጥርት ያለ ሌሊት። በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ከበቂ በላይ እርጥብ ነው፤ ነገር ግን ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ደመና ስለሚሆን መሬቱ በሚገባ አይቀዘቅዝም፣ ጉሙም ከላይ ከሚወርደው ደመና ጋር ተደባልቆ አፋፉን ጭምር ይውጠዋል። በታኅሣሥና በጥር በተቃራኒው ሌሊቱ ጥርት ያለና ውርጭ የሚጥል ነው፤ መሬቱ ግን ስለደረቀ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጉም ሳይሆን የአቧራና የጢስ ጭጋግ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ክረምቱ የወጣበት መሬት ገና ውሃ ይዟል፣ ምንጩ አልደረቀም፣ ሰማዩ ግን ተከፍቷል።

የምሥራቁ አፋፍ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። በልግ ስለሚያገኝ በየካቲት መጨረሻ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ ዘንቦ ባባራ ማግስት ደህና ጉም ሊተኛ ይችላል። ይሁን እንጂ በልግ በየዓመቱ እኩል ስለማይዘንብ ለዚያ ወቅት ቀን ቆርጦ ከሩቅ መምጣት አይገባም። እዚያው አቅራቢያ ያለ ሰው ዝናቡን ተከትሎ ቢሄድ ይጠቀማል።

የጨረቃውን ቀንም ይቁጠሩ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች፤ ማለዳ ፀሐይ በምሥራቅ ስትወጣ እርሷ በምዕራብ ትጠልቃለች። በእንዲህ ዓይነት ሌሊት ከድንኳን ወጥቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወደ ገደሉ የተመለከተ ሰው ጉሙን እንደ ፈሰሰ ወተት ተኝቶ ያየዋል። ከፀሐይ መውጫው እኩል ዋጋ የምሰጠው ነገር ነው፤ በተጨማሪም ጠዋት ምን እንደሚጠብቅዎ በሌሊት ይነግርዎታል።

የት ይቆማሉ

ቦታ ሲመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውብ ነው ወይ?» ሳይሆን «ከጉሙ ክዳን በላይ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ዝቅ ያለ መመልከቻ አንዳንድ ቀን ከጉሙ በላይ፣ አንዳንድ ቀን ከጉሙ ውስጥ ይውላል። አንኮበር የጥንቱ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረበት ኮረብታ ታሪክ ያለው፣ እይታውም እስከ ቆላው የሚዘልቅ ድንቅ ስፍራ ነው፤ ነገር ግን ከመንዝ ጓሳ ዝቅ ስለሚል ጉሙ የሚውጠው ጠዋት ብዙ ነው። ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቢይዝ ይሻላል።

ጣርማበር በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው ዋሻ ያለበት መተላለፊያ ነው። ከዋሻው በላይ ያለው ሸንተረር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ገደሉም ከእግር ሥር ይጀምራል። ችግሩ መተላለፊያ መሆኑ ነው፤ ሁለት ተራራ መካከል ያለ ዝቅታ ነፋስን እንደ መስኮት ያስገባል፣ ነፋስም ጉሙን ይዞ ይገባል። ስለዚህ መንገዱ ዳር ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ወደ ከፍታው መውጣት ያስፈልጋል።

እኔ የማስቀድመው መንዝ ጓሳን ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከጣርማበር ዋሻ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ በሚታጠፈው በኩል ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ፣ የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው የሣር ምድር ነው። ሕዝቡ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭደው በተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ መሬቱ አልተራቆተም፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም እዚያ ይኖራሉ። የአካባቢው ማኅበረሰብ ለእንግዳ ማረፊያና ለድንኳን የሚሆን ቦታ አዘጋጅቷል። ለጉም ተመልካች ትልቁ ጥቅሙ ግን ይህ ነው፦ የምሥራቁ ጠርዝ ረጅም ስለሆነ አንዱ ጫፍ በጉም ቢሸፈን ወደ ሌላው መራመድ ይቻላል።

ከአዲስ አበባ መራቅ የማይችል ሰው ልምምዱን በእንጦጦ መጀመር ይችላል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ሲወጣ ውሃ ያቆረ፣ ዙሪያውን ከፍታ የከበበው ሜዳ ነው፤ በጥቅምት ጥርት ያለ ሌሊት ማግስት ቀጭን ጉም ሊተኛበት ይችላል። ከጓሳ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ዓይንን ለማሠልጠን ግን ይጠቅማል።

ማታውን ማንበብ

የነገው ጠዋት የሚታወቀው ዛሬ ማታ ነው። የስልክዎ የአየር ትንበያ አቅራቢያ ያለውን ከተማ እንጂ እርስዎ የቆሙበትን አፋፍ አይነግርዎትም፤ ስለዚህ ትንበያውን ለደመናና ለነፋስ ብቻ ይመልከቱት፣ የቀረውን ከአፋፉ ላይ ሆነው ራስዎ ያንብቡ።

ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ወደ ጠርዙ ይሂዱ። ከታች ባሉ መንደሮች ራት ለመሥራት እሳት ይነዳል፤ ጢሱን ያስተውሉ። ጢሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ የሚበተን ከሆነ ክዳኑ ገና አልተዘጋም ወይም ጨርሶ አይዘጋም። ጢሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ከአንድ ልክ ሲደርስ ወደ ጎን የሚዘረጋ፣ ከጎረቤቱ ጢስ ጋርም ተያይዞ በሸለቆው ላይ እንደ ነጠላ የሚረብ ከሆነ ክዳኑ በዚያው ከፍታ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ የምተማመንበት ምልክት የለኝም። አንድ ማታ ከአፋፉ ላይ ሆኜ እንዲህ ያለ ሰማያዊ የጢስ ንጣፍ ከእኔ ዝቅ ብሎ ሲዘረጋ አይቼ፣ በልቤ የዘረጋበትን ልክ ከማዶው ቋጥኝ ጋር አስተያይቼ ያዝኩ፤ በማግስቱ ጉሙ የተኛው ከዚያ ቋጥኝ ብዙም ሳይርቅ ነበር።

ቀጥሎ ነፋሱን ይመልከቱ። ቀን ሽቅብ ይነፍስ የነበረው ነፋስ ፀሐይ ስትጠልቅ ጸጥ ብሎ ከዚያ ቁልቁል መንፈስ ይጀምራል፤ ፊትዎን ወደ ገደሉ አዙረው ሲቆሙ ቅዝቃዜው ከጀርባዎ ሲመጣ ከተሰማዎት ሌሊቱ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የድንኳኑን ሸራ የሚያንገላታ ነፋስ ካለ ግን ቀዝቃዛው አየር ሳይረጋ ይበጠበጣልና ተስፋዎን ቀነስ ያድርጉ። ከዚያ ሰማዩ ነው፤ ከዋክብቱ እስከ አድማስ ድረስ ጥርት ብለው ከታዩ መልካም ነው። በመጨረሻም ሣሩን በእጅዎ ይዳብሱ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጤዛ ከያዘ አየሩ እርጥበቱን መጣል ጀምሯል ማለት ነው።

አመሻሹ ላይ አፋፉን የሸፈነ ጉም ተስፋ ሊያስቆርጥዎት አይገባም፤ እንዲያውም እርጥበት መኖሩን ያረጋግጣል። ሌሊቱ ጥርት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ተስፋ የሚያስቆርጠው ከገደሉ ሽቅብ የመጣው ጉም ሳይሆን ከበላይ ወርዶ ከዋክብቱን የሸፈነው ደመና ነው።

የሚያዙት

በጓሳ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ በላይ የሚከብደው ግን ሳይንቀሳቀሱ አንድ ሰዓት ተኩል መቆሙ ነው። ለመራመድ የሚበቃ ልብስ ለመቆም አይበቃም። የክረምት ጃኬት፣ ጓንት፣ የሱፍ ቆብ፣ ጤዛ የማያስገባ ጫማና ቅያሪ ካልሲ ይያዙ። ከመንዝ ገበያ የተገዛ የበግ ጠጉር ባና ካገኙ ከብዙ ዘመናዊ ልብስ ይበልጣል፤ እርጥበትን ይችላል፣ ለሁለት ሰውም ይበቃል። በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ፣ በኪስ ቆሎ ወይም በሶ ይያዙ።

ከፍታውን አይናቁት። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ብዙም ላይቸገር ይችላል፤ ከቆላ አገር ወይም ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይል የውጭ አገር ከተማ በቅርቡ የመጣ ወገን ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን አንድ ሁለት ሌሊት ቢያድር፣ ውሃ በብዛት ቢጠጣና በዋዜማው ከአረቄ ቢታቀብ ራስ ምታቱን ያስታግሳል።

ጠዋቱ

ጥቅምትና ኅዳር ላይ በዚህ አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በጥር መጨረሻ ወደ 12 ሰዓት ከ45 ትዘገያለች። ከከፍታ ላይ ሲታይ ደግሞ አድማሱ ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብላ ብቅ ትላለች። በአገራችን ወገግታው አጭር ነው፤ ያለ መብራት ለመራመድ የሚበቃ ብርሃን ከመጣበት አንስቶ ፀሐይ እስክትወጣ ያለው ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ቦታዎን ይያዙ።

ወደ አፋፉ የሚሄዱበትን መንገድ በዋዜማው በብርሃን ይርገጡት፣ የሚቆሙበትን ድንጋይም ለይተው ይተዉ። በጨለማ ጤዛ የያዘ የጓሳ ሣር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ በሣሩ ጉብታዎች መካከልም የአይጥ ጉድጓድ ይበዛል። መንገድ ላይ ጉም ካጋጠመዎ የግንባር መብራት አይጠቀሙ፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ዓይንዎን ያሳውራል። ባትሪውን ወደ ወገብዎ ዝቅ አድርገው መሬቱን ብቻ ያብሩ። ከጠርዙ ቢያንስ አምስት እርምጃ ይራቁ፤ ጠርዙ ላይ የበቀለ አስታና ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከልጆች ጋር ከሆኑ እጅ ለእጅ ይያያዙ፣ ጠርዙን በብርሃን እስኪያዩት ድረስም ይቀመጡ።

መጀመሪያ የሚያዩት ግራጫና ጥልቀቱ የማይታወቅ ነገር ነው፤ ገደል ይሁን ጉም አይለይም። አጥቢያ ኮከብ በምሥራቅ ካለች ከበታቿ ያለው ጨለማ ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። ከዚያ በአድማሱ ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል፣ ያን ጊዜም የጉሙ ገጽ ከሰማዩ ይለያል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ፀሐይዋ የምትወጣበትን አንዲት ነጥብ ብቻ አፍጥጦ ይጠብቃል። ይህን አይምሰሉ። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ዓይንዎን ከእርሷ ነቅለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጉሙ ገጽ ላይ ያሳርፉ፤ የመጀመሪያው ጨረር እጅግ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ በጉሙ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን እብጠት ከአንድ ጎኗ ወርቃማ፣ ከሌላው ጎኗ ሰማያዊ ያደርጋታል። ጠፍጣፋ የመሰለው ነገር ሞገድ ያለው መሆኑ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው። ይህ ብርሃን ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጉሙ ሁሉ አንድ ነጭ ይሆናል።

ከዚያ ቁጭ ብለው ዝቅ ያሉትን ሸንተረሮች ይመልከቱ። ጉሙ ከአንዱ ሸለቆ ሞልቶ ወደ ሌላው ሲፈስ በሸንተረሩ ላይ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል፤ እንቅስቃሴው ግን እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ ለአንድ ደቂቃ ዓይንን ሳያነሡ ካልተመለከቱት የቆመ ይመስላል። ጆሮዎንም ጣል ያድርጉ፤ ከጉሙ ሥር የማይታይ ዶሮ ይጮኻል፣ የማይታይ እረኛ ከብቱን ይጣራል።

ጭላዳዎቹ የሚመጡትም በዚህ ሰዓት ነው። ሌሊቱን ከአውሬ ለመሸሽ በገደሉ ፊት ባሉ ጠባብ እርከኖች ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ስታገኛቸውም ወደ ሜዳው ይወጣሉ። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፃቸው ነው፤ ከጉሙ ጠርዝ በታች ሲያጉረመርሙና ሲነጋገሩ። ከዚያ አንድ ትልቅ ወንድ ጋማው ላይ የጤዛ ጠብታ እንደ ዶቃ ተንጠልጥሎ ጠርዙ ላይ ይወጣና ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሴቶቹና ግልገሎቹ ይከተላሉ። ለመጋጥ አይቸኩሉም፤ መጀመሪያ ይሞቃሉ፣ እርስ በርሳቸውም ጠጉራቸውን ይፈታትሻሉ። ካልተነሡባቸው ከጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ይህን ሁሉ ያሳዩዎታል። ምግብ አይስጧቸው፣ በእነርሱና በገደሉ መካከልም አይቁሙ፤ መሸሻቸው እርሱ ነው።

ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ስልኩ የጉሙን ንጣት አይቶ እንደሚሳሳት ይወቅ። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ስልኩ ጨለማውን ለማብራት ሲሞክር የሰማዩን ቅላት ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ብሩህ የሆነውን ሰማይ በጣትዎ ነክተው ብርሃኑን በጥቂቱ ይቀንሱ። ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ደግሞ ነጩ ጉም ግራጫ ሆኖ ይወጣልና ብርሃኑን በጥቂቱ ይጨምሩ። ሁሉን ነገር በአንድ ፎቶ ለማስገባት ከመታገል ይልቅ ከጉሙ የወጣችን አንዲት ኮረብታ አቅርቦ ማንሣት የባሕሩን ስፋት የበለጠ ያሳያል። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስልኩን ከደረት ኪስዎ አይለዩ። ከብርድ ወዲያው ወደ ሞቀ ድንኳን የገባ ሌንስ ግን ላብ ይይዛልና ካሜራዎ ሲመለሱ በቦርሳው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

በሰሜን ተራሮች

በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሸዋው አፋፍ የሚለይበት ነገር አለው። መግቢያው ደባርቅ ሲሆን ያለ ታጣቂ ጠባቂ መንቀሳቀስ አይፈቀድም። ብዙ ሳይራመዱ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሳንቃበርና ጨነቅ የሚባሉት ማደሪያዎች ለገደሉ ቅርብ ናቸው። የሚበልጠው ግን 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እመት ጎጎ ነው፤ ከግጭ ማደሪያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ገና በሌሊት መነሣትን ይጠይቃል።

እመት ጎጎ ወደ ገደሉ የገባ ምላስ ስለሆነ ጉሙ በምሥራቅ ብቻ ሳይሆን በሰሜንና በምዕራብም ከእግር ሥር ሊተኛ ይችላል። በዚያ ቦታ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጀርባዎን ለእርሷ ይስጡ። ጥላዎ በምዕራቡ ጉም ላይ ሲያርፍ በጥላው ራስ ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ትንሽ ባለቀለም ክብ ሊታይዎ ይችላል። ብርሃኑ ወደ ጉሙ ጥቃቅን ጠብታዎች ገብቶ ወደ መጣበት ሲመለስ የሚፈጠር ነገር ነው። ከጎንዎ ያለው ሰው ክቡን በራሱ ጥላ ራስ ላይ እንጂ በእርስዎ ላይ አያየውም። በሸዋው አፋፍ ጉሙም ፀሐይዋም ከፊት ስለሆኑ ይህን ለማየት ከባድ ነው።

መመለስ

ወደ የትኛውም ቦታ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ጸጥታ እዚያው ካለ ሰው፣ በዚያው ሳምንት ያጣሩ። ከወር በፊት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ላይከፈት ይችላል፤ ጉሙ በሚቀጥለው ጥቅምትም ይተኛል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምሮ የጉሙ ገጽ መፍላት ይጀምራል። ጥጥ የመሰሉ ጉብታዎች ይነሣሉ፣ በመካከላቸው ቀዳዳ ይከፈትና አንዲት የገብስ ማሳ ወይም የቆርቆሮ ክዳን ብልጭ ብላ ትሸፈናለች። የመጀመሪያዋ የጉም ቁራጭ ገደሉን ታክካ ጠርዙን ስትነካ ዕቃዎን ይሸክፉ፤ ከዚያ በኋላ አፋፉ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሸፈን ስለሚችል ወደ ማደሪያዎ የሚወስደውን መንገድ እያዩት ይመለሱ። መኪና የሚነዱ ከሆነ ግን አይቸኩሉ፤ ያን ሰዓት የሚወጣው ጉም ጣርማበር መንገድ ላይ ያገኝዎታልና ቁርስዎን በልተው ጉሙ እስኪሳሳ ይቆዩ። መነሣት ግድ ከሆነብዎ ረጅሙን መብራት አጥፍተው አጭሩን ያብሩ፣ የመንገዱን የቀኝ ጠርዝ ይከተሉ፣ ከፊትዎ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደምም አይሞክሩ።